«ልቧ በደንብ ይረጫል» ከተባለ ዳገቱ ለምን ከበዳት?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው። «እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ የምንኖረው ጅማ ነው። ግፊት ካለባት 9 ዓመት ሆኗታል፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ባለፈው ሳምንት 152 በ94 ነበር። ክብደቷ 84 ኪሎ፣ ወገቧ 103 ሴንቲ ሜትር። በባዶ ሆድ ስኳሯ 114 ወጣና ‹ስኳር በሽታ የለባትም፣ ግን ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ሳይኖርባት አይቀርም› ተባልን። የልብ አልትራሳውንድ ደግሞ ‹በደንብ ይረጫል፣ 64 ከመቶ ነው፤ ግድግዳው 1.3 ሴንቲ ሜትር ወፍሯል፤ መላላቱ ላይ ትንሽ ችግር አለ› ይላል። ዘመድ ጥየቃ ወደ ጂሬን ዳገት ስንወጣ ግን ሦስት አራት ቦታ ትቆማለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ስኳር ከሌለባት፣ ልቧም በደንብ ከረጨ፣ ምንድን ነው የሚያደክማት? ኢንሱሊንስ ከልብ ጋር ምን አገናኘው?»

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ጅማ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የእናትሽን ዓይነት ወረቀት የያዘ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዋናውን ቀድሜ ልንገርሽ። ወረቀቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እናትሽም እውነታቸውን ነው የደከሙት። ሁለቱ አይጋጩም። ልብ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ መጭመቅ ነው፣ ሌላው መላላት። 64 ከመቶ የሚለው ቁጥር ስለ መጭመቁ ብቻ ነው የሚናገረው።

ስልቻ አስቢ። አዲስና ለስላሳ ስልቻ ስትሞዪው ይለጠጣል፣ የፈለግሽውን ያህል ይይዝልሻል። የደረቀ ስልቻ ግን አፉን ብትከፍቺውም ሆዱ አይከፈትም። ጨምቀሽ ማውጣቱ አያስቸግርም፤ ችግሩ መጀመሪያውኑ የሚገባለት ትንሽ መሆኑ ነው። በቁጥር እንየው። አንድ ልብ ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ደም ይዞ 64 ከመቶውን ቢረጭ፣ 77 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል። ሌላው ደርቆ 90 ብቻ ይዞ ያንኑ 64 ከመቶ ቢረጭ፣ የሚወጣው 58 አይሞላም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «64 ከመቶ፣ ጥሩ» ተብለው ይጻፋሉ። ዳገት ላይ ግን አንድ አይደሉም።

ብዙ ሰው ልብ ሲላላ የሚያርፍ ይመስለዋል። አያርፍም። የልብ ጡንቻ የሚጨመቀው ካልሲየም ወደ ሴሉ ውስጥ ሲለቀቅ ነው፤ ለመላላት ደግሞ ያ ካልሲየም ተመልሶ ወደ ማከማቻው መገፋት አለበት፣ መግፋቱም ጉልበት ይፈጃል። ይህ በእያንዳንዱ ምት ይደገማል። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የልብ የጉልበት ምንጭ ሲበላሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው መላላቱ ላይ ነው። መጭመቁ ገና ደህና እያለ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጂሬን መንገድ እንመለስ። እናትሽ ቤት ቁጭ ብለው ልባቸው 70 ሲመታ፣ በሁለት ምት መካከል ለመሞላት ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ አለው። ዳገት ሲጀምሩ ምቱ 130 ይደርሳል። ያኔ ለመሞላት የሚተርፈው ጊዜ ሩብ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ለስላሳ ልብ በዚህችም ጊዜ ይሞላል። የደነደነ ልብ ግን አይደርስም። ያልገባው ደም ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚህ ነው። ቆም ሲሉ ምቱ ይቀንሳል፣ ልብ ጊዜ ያገኛል፣ ይሻላቸዋል። ሦስት አራት ቦታ መቆማቸው ስንፍና ወይም ዕድሜ ብቻ አይደለም። እባክሽ ቤት ውስጥ «ሰንፋ ነው» የሚል ካለ ይህን አንብቢለት።

አልትራሳውንዱ ላይ ይህ እንዴት እንደሚታይ ላሳይሽ። ደም ወደ ልብ ሲገባ ስክሪኑ ላይ እንደ ሁለት ኮረብታ ይሣላል። የመጀመሪያው ኮረብታ ልብ ራሱ ተላልቶ ደሙን ሲስብ ነው፤ ሁለተኛው በመጨረሻ የላይኛው ክፍል ገፍቶ ሲያስገባ። ጤነኛና ገና ዕድሜው ያልገፋ ልብ ላይ የመጀመሪያው ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር ነው። የእናትሽ ዓይነት ልብ ላይ ይገለበጣል፣ የመጀመሪያው ያጥራል። በዕድሜም ይህ ይመጣል፣ አልደብቅሽም፤ ከ60 በላይ የሆኑ ብዙ ሰዎች ላይ አያለሁ። ነገር ግን በ54 ዓመት፣ ግድግዳው 1.3 ሆኖ፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። የሴት የልብ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.9 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

እንግዲህ ኢንሱሊን። ጅማ ውስጥ ቡና ሲደርስ ልጅ ይላካል አይደል? በአጥሩ ላይ «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» ብሎ ይጣራል። ኢንሱሊን እንደዚያ ልጅ ነው። ቆሽት ይልከዋል፤ እሱም ጡንቻን፣ ጉበትንና ስብን «ስኳር መጥቷል፣ ውሰዱ» ይላቸዋል። ጤነኛ ሰውነት አንዴ ሲጠራ ይሰማል። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ማለት እነዚህ ጎረቤቶች ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉ ነው። ታዲያ ቆሽት ምን ያደርጋል? ልጁን ደጋግሞ ይልካል፣ ድምፁንም ያስጮኸዋል። በጩኸቱ ብዛት ስኳሩ ለጊዜው ይወሰዳል፣ ምርመራውም «ስኳር የለም» ይላል። ለዓመታት እንዲህ ሊቆይ ይችላል። የእናትሽ 114 የሚናገረው ጩኸቱ ራሱ መድከም መጀመሩን ነው። ከ126 በታች ስለሆነ ስኳር በሽታ አይባልም፣ ከ100 በላይ ስለሆነ ግን ጤነኛም አይባልም።

የልብ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ጩኸቱን ሁሉም አይደለም የማይሰማው። ኩላሊት ጆሮው አልደነደነም። ኢንሱሊን ኩላሊትን ጨው እንዳያስወጣ ይነግረዋል፤ ጩኸቱ ሲበዛ ጨው ይይዛል፣ ውሃም አብሮ ይቀራል፣ ግፊት ይጨምራል። ልብን የሚያስሮጠው የነርቭ መስመርም ይሰማል፣ ይነቃቃል። የደም ሥር ደግሞ ሁለት ጆሮ ያለው ያህል ነው። «ላላ፣ ስፋ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማው ይደነቁራል፤ «እደግ፣ ወፍር» የሚለውን የሚሰማው ግን እንደነቃ ይቀራል። ስለዚህ የደም ሥሩ ይጠባል፣ የልቡም ግድግዳ ይወፍራል። ግፊቱ ከውጭ እየገፋ ያወፍረዋል፣ ጩኸቱ ከውስጥ። እናትሽ ላይ ሁለቱም ባንድ ላይ ናቸው።

ልብ ራሱም ጡንቻ ነው፣ እሱም ጆሮው ይደነድናል። ጤነኛ ልብ ያገኘውን ነው የሚያነደው፤ ስብም፣ ስኳርም፣ ሌላም። አብዛኛውን ጉልበት ከስብ ያገኛል፤ ጫና ሲመጣ ግን ወደ ስኳር ዞር ማለት ይችላል። ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም ይህን መዞር ያጣዋል፣ ስብ ላይ ብቻ ይቀራል። ስብ ደግሞ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ከስኳር የበለጠ ኦክስጅን ይጠይቃል። በወፈረ ግድግዳ ውስጥ፣ በጠበቡ ትንንሽ የደም ሥሮች፣ ያ ተጨማሪ ኦክስጅን ከየት ይምጣ? ካልነደደው ስብ የተረፈው ሴሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ከጊዜ በኋላ በጡንቻው መካከል ጠባሳ መሰል ጠንካራ ነገር ይጋገራል። ጉልበት ማጣቱ ሊስተካከል የሚችል ነው፣ መወፈሩም በሕክምና ይቀንሳል፤ ጠባሳው ግን ለመመለስ በጣም ይከብዳል። ቶሎ በሉ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1987 የጣሊያን ተመራማሪዎች ያልወፈሩና ስኳር የሌለባቸው ባለግፊቶች ላይ ሳይቀር ኢንሱሊን አለመስማትን ለክተው አሳዩ። በ1988 ደግሞ ጄራልድ ሪቨን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ግፊትን፣ ኢንሱሊንንና የደም ስብን አንድ ላይ አስረው አስተማሩ። ዛሬ የምናውቀው፣ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኢንሱሊንን በደንብ እንደማይሰሙ ነው። ግማሹ ብቻ ነው እንግዲህ፤ ሁሉም አይደለም። ግን ወገቧ 103 የሆነ ሴት ላይ መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መጠንቀቅ ይጀመራል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ባለግፊት ሰው እንዲሁ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለውኝ ነበር። የአልትራሳውንዱን ቁጥር አየሁና «ልብዎ ጤነኛ ነው፣ አይጨነቁ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ መድኃኒታቸውንም ቀስ በቀስ ተዉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ፣ በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። ቁጥሩ ያን ዕለትም ጥሩ ነበር! ከዚያ ወዲህ ያን ቁጥር ብቻ አንብቤ ሰው አልሸኝም።

ይህን ስል ግን ትንፋሽ ማጠር ሁሉ ከልብ ነው ማለቴ አይደለም። የደም ማነስ ይታይላቸው፣ ቀላል ምርመራ ነው። የታይሮይድ ምርመራም ከተቻለ። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ እንጀራ ጋግረው ከሆነ ሳንባቸውም ይታይ፤ እዚህ አካባቢ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች ሳንባ በጭስ ተጎድቶ አይቻለሁ። ዳገት ላይ ደረታቸውን የሚጫን ወይም ወደ እጅና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ደግሞ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጉዳይ ነው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።

የኢንሱሊን መጠን በደም ማስለካት ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ውጤቱ ሕክምናውን አይቀይርም። ይልቅ የ3 ወሩን የስኳር አማካይ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብና ጥሩውን ኮሌስትሮል፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬአቲኒን፣ ፖታሺየም እና በሽንት ውስጥ አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን አስመርምሩ። ፖታሺየሙን አትርሱት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሺየምን ሊያወርድ ይችላል፤ ፖታሺየም ሲወርድ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን መላክ ይከብደዋል፣ ስኳርም ከፍ ይላል።

152 በ94 የሚለው ራሱ እንዴት እንደተለካ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከባጃጅ ወርደው ሮጥ ብለው ገብተው፣ ተራ ለመያዝ ተጋፍተው፣ እያወሩ ከተለካ ቁጥሩ አይታመንም። ቤት መለኪያ ካለ ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት፣ ሽንት ሸንተው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። በርጩማ ላይ አይሁን፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ይሁን። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና የለም። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ፣ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ጽፋችሁ ለሐኪማቸው አሳዩ። ከተቻለ ከ130 በ80 በታች ማድረስ ነው ግባችን።

መድኃኒቱን በተመለከተ በራሳችሁ ምንም አታቁሙ። ሐኪሙን የምትጠይቁት ጥያቄ ግን አለ፦ «ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ቢጨመርላቸውስ?» እነዚህ ግፊት ከማውረድ ባለፈ የልብን ውፍረት ይቀንሳሉ፣ ስኳርንም አያባብሱም። በ2002 የወጣው ላይፍ የተባለው ጥናት ግፊትና የወፈረ ልብ ያለባቸውን 9,193 ሰዎች ተከታትሎ፣ ሎሳርታን የወሰዱት ላይ ውፍረቱ አቴኖሎል የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት ከወሰዱት ይበልጥ እንደቀነሰ፣ አዲስ ስኳር በሽታም በ25 ከመቶ እንዳነሰ አሳይቷል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በጥቁር ሰዎች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ብቻቸውን ሲሰጡ ግፊትን የማውረድ አቅማቸው ያንሳል። ከአምሎዲፒን ወይም ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲሆኑ ግን ጥሩ ይሠራሉ፤ እናትሽ ደግሞ ሁለቱም አሏቸው። ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ክሬአቲኒንና ፖታሺየም ይደገም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ ካስቸገራቸው በሎሳርታን ይቀየራል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ስኳሩን ለመከላከል ይረዳል፤ ለልብ መላላት ብዬ ግን አልሰጠውም። ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት አዳዲሶቹ የስኳር መድኃኒቶች በ2021 እና በ2022 በወጡ ትልልቅ ጥናቶች፣ በደንብ እየረጨ የደከመ ልብ ያለባቸውን ሰዎች ሆስፒታል መተኛት ቀንሰዋል። እናትሽ የልብ ድካም አለባቸው ከተባለ ስለ እነሱ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ገና ካልተባለ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የመጀመሪያው ጨው ነው። ሽሮው ላይ፣ በርበሬው ላይ፣ አንዳንድ ቤት ቡናው ላይም ጨው አለ። ለአንድ ሰው ለቀኑ ሙሉ የሚመከረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ቡናውን አልከለክልም፣ የጅማን ሰው ቡና ተው ማለት አይሆንልኝም፤ ያለ ጨውና ያለ ስኳር ይጠጡት። ጫት ግን ሌላ ነው። ግፊቱንም የልብ ምቱንም ይጨምራል፤ ከላይ እንዳልኩሽ ደግሞ የደነደነ ልብ በጣም የሚጎዳው ምቱ ሲፈጥን ነው። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ የቀረውን ይጨርሳል። እናትሽ ባይቅሙም ቤት ውስጥ ለሚቅም ባለግፊት ይህን ንገሪልኝ።

ትሪው ላይ እንጀራውን ቀንሱ፣ ጎመንና ምስሩን ጨምሩ። ነጭ ዳቦና ማካሮኒ በየቀኑ አይሁን። 84 ኪሎ ላይ 6 ኪሎ ቢቀንሱ ይበቃናል። ለቀነሰ አንድ ኪሎ ግፊት በአንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳልና 6 ኪሎ ትንሽ መድኃኒት ያህላል። በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንደ እናትሽ ስኳራቸው ጠርዝ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎችን ሲከታተል፣ 7 ከመቶ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ ያደረጉት ስኳር በሽታን በ58 ከመቶ ቀንሰዋል። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 ከመቶ።

ለምን እንደሚሠራ ያ ቡና ጠሪ ልጅ ይነግርሻል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ጥሪ አይጠብቅም፤ ራሱ መጥቶ ስኳሩን ይወስዳል፣ ኢንሱሊን ሳይጮህ። ስለዚህ ከምሳና ከራት በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በጂሬን ዳገት አትጀምሩ። ሜዳ ሜዳውን፣ እያወሩ መሄድ በሚችሉበት ፍጥነት ይሂዱ። አንቺም አብረሽ ውጪ፤ ብቻውን የተላከ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

ሮመዳን የሚጾሙ ከሆነ ሳይጀመር ሐኪማቸውን አግኙ፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሰዓቱ መስተካከል አለበት። ሌሎቹን አጽዋማት ለሚጾምም ያው ነው። ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳና ጣፋጭ ጭማቂ ከመደርደር በሾርባና በተወሰነ ተምር ጀምሩ፣ ሾርባውም ጨው አይብዛበት።

ትራስ ካልደረቡ መተኛት ካቃታቸው፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ከተነሱ፣ እግራቸው ካበጠ፣ ልባቸው ሥርዓት አጥቶ ከመታ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ውሰዷቸው። በጣም እንደሚያንኮራፉና ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚጥላቸው ካየሽ ደግሞ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ፤ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ግፊቱንም ኢንሱሊኑንም ያባብሳል።

አልትራሳውንዱን በየወሩ አታስደግሙ፣ ለውጡ በዓመት ገደማ ነው የሚታየው። እስከዚያ ቤት ውስጥ አንድ ደብተር ያዙ፤ ግፊቱን፣ ወገቡን፣ ኪሎውን ጻፉበት። ሐኪማቸው ዳገት ይሞክሩ ሲላቸው ደግሞ ወደ ጂሬን ስትወጡ ስንት ቦታ እንደቆሙ ጻፊ። ዛሬ አራት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስንት እንደሆነ ላኪልኝ።